ሐሙስ የተቆረጠው ቅጠል

መምህር ዓለምብርሃን ሐሙስ ቀትር ላይ ክፍላቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ወርዶ ጉንጫቸው ሥር ተጣብቋል። ከፊታቸው በወንፊት ሽቦ የተከደኑ ስድስት የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በሳጥኖቹ ውስጥ የሰው ጣት የሚያካክሉ ወፋፍራም አባጨጓሬዎች በአሸዋና በደረቀ ቅጠል መሃል ይርመሰመሳሉ። ከሳጥኖቹ አጠገብ ከግማሽ በላይ የተጠጣ የመስታወት ጠርሙስ ቆሟል።

ቤቱ ራስ ዲካ ሰፈር፣ ከአሮጌው ወደብ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ኖራውን የባሕር ጨው የላጠው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ፎቁ ላይ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ መሪማ ከልጃቸው ከሙሰዲቅ ጋር ይኖራሉ። ከሐረር የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ምድር ቤት ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን መምህሩ፣ ሌላውን ካሣ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ተከራይተውታል። ከበልበላ፣ ከዋራበሌ ሰፈር በየማለዳው በሚኒባስ እየመጣች ለሁሉም የምታበስለው ወለላ ናት። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ነበረች።

ኢንስፔክተር ሱሪያ ስትደርስ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ሱሪያ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ድሬዳዋ ተወልዳ እዚሁ ካርቲየ ሁለት ሰፈር ነው ያደገችው፤ አማርኛውን ከእናቷ፣ ሶማልኛውን ከመንገድ፣ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት ይዛለች። የሰው ፊት ከማየቷ በፊት መሬት መሬቱን የምታይ ስለሆነች ባልደረቦቿ «ምን ጠፋብሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል።

አስከሬኑን የምትመረምረው ዶክተር ሀያ ቀና አለች።

«ልብ ነው?» አለች ሱሪያ።

«የቆመውማ ልብ ነው። ለምን ቆመ ለሚለው ግን መልስ የለኝም። አስታውከዋል፤ የዓይናቸው ሁኔታም አላማረኝም። ጠርሙሱን ልውሰደው።»

«ውጤቱ ነገ ጠዋት ይደርሳል?»

«ነገ ጠዋት።»

ሱሪያ መጀመሪያ የገባችው ወጥ ቤት ነው። ወለላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ዓይኗ አብጧል።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«የኒም ቅጠል ነው። ጋሼ ስኳር ነበረባቸው። በየማለዳው አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ እንዲቀዘቅዝ እዚያ መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ራሳቸው ይወስዱታል።»

«ይመራል አይደል?»

«አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚጠጡት። ዛሬ ከገበያ ስመለስ ‹ወለላ፣ ዛሬስ ኒሙን አበዛሽው› አሉኝ። እኔ ግን እንደ ሁልጊዜው አንድ እፍኝ ነው የጨመርኩት።»

ሱሪያ የቆሻሻ ባልዲውን አዘንብላ አየች። የፈላው ዝቃጭ ከላይ ነበር። ቅጠሎቹን በጣቷ በተነቻቸው፤ ሁሉም ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው የኒም ቅጠሎች ናቸው።

«ገበያ በነበርሽበት ሰዓት ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«እትዬ መሪማ ፎቅ ላይ ነበሩ። ካሣ ሌሊቱን ከመንገድ ገብቶ ተኝቶ ነበር። ሙሰዲቅ ሳይነጋ ነው ወደብ የሄደው።»

«ሞተው ስታገኚያቸውስ?»

«ጮህኩ። እትዬ መሪማ ወረዱ። ‹ሂጂ ካሣን ቀስቅሺ፣ ፖሊስ ይጠራ› አሉኝ። እኔ ስሮጥ እሳቸው አጠገባቸው ቀሩ።»

ሱሪያ ትኩር ብላ አየቻት። «ዓይንሽ የዛሬ ልቅሶ ብቻ አይመስለኝም።»

ወለላ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ወንድሜ ታስሯል። ጌቾ ይባላል፣ የካሚዮን ሾፌር ነው። ወር ሊሞላው ነው። ከከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 አጠገብ አንድ ጫኝ ሽማግሌ ተገጭተው ሞቱ፤ የገጨው ሰው አልቆመም። በዚያ ሰዓት የጌቾ መኪና በዚያ አልፎ ነበር፤ አንድ መብራቱም ተሰብሯል። እሱ ‹ድንበሩ ጋ፣ ጋላፊ ላይ ነው የተሰበረብኝ› ቢል ማን ይመነው?»

«መምህሩ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ሰውዬው በሞቱ ማግስት ጋሼ ድሬዳዋ ሄደው ስለነበር አልሰሙም። ከተመለሱ በኋላም አፍሬ ደበቅኳቸው። ሰኞ ዕለት ግን ሳለቅስ ደረሱብኝና ነገርኳቸው። ቀኑን ጠየቁኝ፤ ሰዓቱን ጠየቁኝ። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው አዩና ‹እስከ ዓርብ ታገሺኝ› አሉኝ።»

«ለምን ዓርብ?»

«አልነገሩኝም።»

ወይዘሮ መሪማ ኢንስፔክተሯን የተቀበሏት ፎቅ ላይ፣ የጨርቅ ጥቅሎች እስከ ጣሪያ በተደረደሩበት ክፍል ነው። ረጅም ጠረጴዛቸው ላይ ሜትርና ትልቅ የጨርቅ መቀስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁመተ ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም።

«ልጄ፣ ምን ያደክምሻል? ሰውዬውን የገደሏቸው ትሎቹ ናቸው» አሉ።

«ትል ሰው ይገድላል እንዴ?»

«ነይ ላሳይሽ።» ወደ በረንዳው ወሰዷት። ከታች የግቢውን ግድግዳ ተከትሎ ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ አበባው ሮዝ የሆነ ቁጥቋጦ አጥር ቆሟል። ግማሹ ተመልጦ አጥንቱ ቀርቷል። «ይህን ያስተከለው ባለቤቴ ነው፣ አላህ ይርሐመው። ሎሪየ ሮዝ ነው። መርዝ ስለሆነ ፍየል እንኳ አልፎት ነው የሚሄደው። የመምህሩ ትሎች ግን ከእሱ ሌላ አይበሉም። ኋላ ክንፍ አውጥተው ትልልቅ የእሳት እራት ይሆናሉ። እሳቸው እነሱን ያሳድጋሉ፣ የኔ አጥር ያልቃል።»

«ተናድደውባቸው ነበር ማለት ነው።»

«ተናድጄ ነበር። ሰው በአጥር አይገደልም እንጂ። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። በዚያ እጃቸው መርዙን ይለቅማሉ፤ በዚያው እጃቸው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ስንቴ ተናገርኩ።»

«ዛሬም ሲለቅሙ አይተዋቸዋል?»

«ዛሬም። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚሁ ቆሜ አየኋቸው፤ አንድ እቅፍ ቆርጠው ለትሎቻቸው ይዘውላቸው ገቡ። እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም።»

«ትናንት እንዳይሆን፣ ወይዘሮ መሪማ?»

«ዛሬ ነው። ሐሙስ። ገና አልጃጀሁም።»

ሱሪያ ጻፈችው፤ የሰጡትን ሻይ ጠጥታ ወረደች።

ካሣ በረንዳው ሥር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጫት ከአገር ቤት የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ከተማው በጥሩንባ ድምፅ ተሞልቷል። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲያወራ የሰው ዓይን የማያይ ሰው ነው።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። አሁን አንተ ነገርከኝ።»

ካሣ ጺሙን አከከ። «ትናንት ነው። በጌቾ ምክንያት። እኔ ለፖሊስ የጌቾ መብራት ተሰብሮ አይቻለሁ ብዬ መስክሬያለሁ። እሳቸው ጠርተው ‹ሲገጭ አይተሃል?› አሉኝ። አላየሁም፣ መብራቱን ነው ያየሁት አልኳቸው። ‹ግማሽ እውነት ሰው ያሳስራል› ብለው ተቆጡኝ። እኔም አፌ አያርፍም፣ ክፉ ቃል ተናገርኩ።»

«ጌቾ እንዳልገጨ በምን አወቁ?»

«እሱን አልነገሩኝም። ግን እርግጠኛ ነበሩ።»

«ሌላ ጠብ የለም?»

«ትሉ ነዋ። ማክሰኞ ማታ አንዱ አምልጦ ክፍሌ ገብቶ ወለሉ ላይ ሲሮጥ ረገጥኩት። ሲታመሙ ይሆን እንጃ፣ አረንጓዴ የነበረው ቡናማ ሆኗል። ለሱም አዝነውብኛል።»

ሱሪያ ይህንንም ጻፈች። ለመጻፍ የሚገባው ነገር ነው ብሎ ካሣ አላሰበም፤ ብዕሯን እያየ ግራ ተጋባ።

ሙሰዲቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ ፒክ አፑን እየነዳ ገባ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ወደብ ላይ የትራንዚት ሥራ ይሠራል። ሱሪያ እጇን ዘርግታ ሐዘኗን ገለጸችለት፤ ዓይኗ ግን መኪናው ላይ ነበር። የግራውን የፊት መብራት መስታወት የዓመታት ፀሐይ ቢጫ አድርጎታል። የቀኙ እንደ ውሃ የጠራ ነው።

«አስተማሪዬ ነበሩ» አለ ሙሰዲቅ። «ድሬዳዋ ሳለን ባዮሎጂ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ‹የባሕር ዳር የእሳት እራት ማየት እፈልጋለሁ› ሲሉኝ ይህን ክፍል ያስገኘሁላቸው እኔ ነኝ።»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ወደብ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። በሩ ላይ መግቢያና መውጫ ይመዘገባል።»

«ፔካ 12 ላይ ሰው የተገጨ ዕለት ማታስ?»

«ቤት ነበርኩ።»

«ቀኑን ሳትጠይቀኝ አስታወስከው።»

ሙሰዲቅ የመኪናውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ከተማው ሁሉ ሲያወራው የነበረ ነገር ነው» አለ።

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ሀያ ደወለች።

«ጠርሙሱ ውስጥ ከኒም ሌላ የሎሪየ ሮዝ ጭማቂ አለ። ከቆሸሸ እጅ የሚተላለፍ ዓይነት አይደለም። ብዙ ነው፤ ተዘጋጅቶ የተጨመረ ነው። የኒሙ ምሬት ደብቆታል።»

ሱሪያ የመግቢያ መዝገቡን ለማየት ሰው ወደ ወደብ ላከችና ራሷ ወደ አጥሩ ሄደች። ከመምህሩ ክፍል ፊት ለፊት ባለው በኩል አባጨጓሬ የበላቸው ቅጠሎች ጠርዛቸው ተነክሶ፣ የመሃል ጅማታቸው ቀርቶ ተንጠልጥለዋል፤ ከሥራቸው ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ኩስ ተበትኗል። በወጥ ቤቱ ጥግ በኩል ግን ሌላ ነገር አየች። እዚያ ሰባት የቅርንጫፍ ጫፎች በአንድ ልክ፣ በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል። የተነከሰ ቅጠል የለም፤ መሬቱ ላይም አንድም ኩስ የለም። በቁራጮቹ ላይ የደረቀው ፈሳሽ ጣቷን ያዝ አደረጋት።

«ወለላ፣ መምህሩ ቅጠል ሲለቅሙ በምን ነበር?»

«በጓንት። አንድ በአንድ ቀንጥሰው። ‹ቅርንጫፉ ምን አደረገኝ› ይሉ ነበር። ሲጨርሱ በሳሙና ሁለቴ ይታጠባሉ።»

ከዚያ ወደ መምህሩ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ደብተራቸው ወፍራም፣ ጽሑፋቸው ደቃቅ ነው። የመጨረሻዎቹን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ወደ ኋላ ስትገልጥ ሽማግሌው የተገጩበት ዕለት፣ የኅዳር 6 ገጽ የለም፤ ከሥሩ የተቀደደ የወረቀት ጥርስ ብቻ ቀርቷል።

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ቁም ሳጥን መሳቢያ በመሳቢያ ሳበች። በያንዳንዱ ውስጥ ክንፋቸው የተዘረጋ የእሳት እራቶች በመርፌ ተሰክተዋል። ከእያንዳንዱ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሳበው ብርሃን በዚያ ደቃቅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። «በፋኖስ።» «በፋኖስ።» «በመንገድ መብራት።» ሱሪያ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ እያነበበች ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዷ ወረቀት ላይ ቆመች። መሳቢያውን እንዳለ አውጥታ አቀፈችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት በፊት፣ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ መሪማ ወንበር ላይ፣ ሙሰዲቅ ከኋላቸው፣ ካሣ ከበረንዳው አምድ ጋር፣ ወለላ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ናቸው። ዶክተር ሀያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። ሱሪያ ትንሽ ጠረጴዛ አስወጥታ መሳቢያውንና አንዱን የካርቶን ሳጥን አስቀመጠችበት።

«መምህሩ የሞቱት ኒማቸው ውስጥ በተጨመረ የሎሪየ ሮዝ ጭማቂ ነው» አለች። «ወለላ ያጠለለችው ዝቃጭ ንጹሕ ኒም ስለሆነ፣ መርዙ የገባው ካጠለለች በኋላ ነው። ወለላ ራሷ ልትጨምረው ትችል ነበር። ነገር ግን መምህሩ ‹እስከ ዓርብ ታገሺኝ› ብለው የወንድሟን ነፃነት ተስፋ የሰጧት ሰው ናቸው። ሐሙስ ቀን እንዲሞቱ ከማንም በላይ የማትፈልገው እሷ ናት።»

ወለላ አቀረቀረች።

«ጠርሙሱ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት መስኮት ደፍ ላይ ነበር። ሙሰዲቅ ወደብ ነበር፤ መዝገቡን አይተናል። ቤት የነበሩት ካሣና ወይዘሮ መሪማ ናቸው። ወይዘሮ መሪማ፣ ትናንት ጠዋት ያዩትን ለሁሉም ይንገሩልን?»

«ነግሬሻለሁ እኮ። ለትሎቹ ቅጠል ሲቆርጡ አየኋቸው።»

ሱሪያ የሳጥኑን ክዳን ከፈተች። አብዛኞቹ አባጨጓሬዎች አሸዋው ውስጥ ገብተዋል፤ አንዱ ብቻ፣ ጀርባው ቡናማ የሆነ፣ ጠርዙን ተከትሎ ይዞራል። ከአጥሩ አንድ ለጋ ቅጠል ቀንጥሳ ከፊቱ አኖረችለት። ሁሉም ጠጋ ብለው አዩ። አባጨጓሬው ቅጠሉ ላይ ወጣ፣ ተሻገረው፣ መንገዱን ቀጠለ። ሌላ ቅጠል አስቀመጠች። እሱንም ተሻገረው።

«ክንፍ የሚያበቅሉበት ጊዜ ሲደርስ ቀለማቸው ይለወጣል፣ መብላት ያቆማሉ፣ የሚገቡበት አፈር ፍለጋ ይሮጣሉ» አለች። «ካሣ ማክሰኞ ማታ የረገጠው ቡናማ ትል የታመመ አልነበረም። የመምህሩ ደብተር እንዲህ ይላል፦ ‹ማክሰኞ። ሁሉም መብላት አቁመዋል። ከእንግዲህ ቅጠል አያሻቸውም። የተረፈውን ጣልኩ።› እንግዲህ መምህሩ ሐሙስ ጠዋት አንድ እቅፍ ቅጠል ለማን ቆረጡ?»

ወይዘሮ መሪማ «ምናልባት ረቡዕ ይሆናል» አሉ።

«ረቡዕም አይበሉም ነበር። ደግሞም መምህሩ ቅጠል የሚቀነጥሱት በጣታቸው ነው። በወጥ ቤቱ ጥግ ያሉት ቅርንጫፎች ግን በአንድ ምት፣ ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል። ሰባት ቅርንጫፍ በአንድ እፍኝ ይዞ እንደዚያ የሚቆርጥ መቀስ ረጅም ምላጭ ያለው የጨርቅ መቀስ ነው። ዶክተር?»

ዶክተር ሀያ ጨርቁን ገለጠች። መቀሱ ነበር። «ዛሬ ጠዋት በፈቃድ ነው የወሰድነው» አለች። «ምላጮቹ ታጥበዋል። በብሎኑ ሥር የደረቀው ግን አልለቀቀም። ያው ተክል ነው።»

ካሣ ወደ ወይዘሮ መሪማ ዞሮ አየና ዓይኑን ወዲያው መለሰ። ሙሰዲቅ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ይዟል።

«ለአጥር ብላ ገደለች ልትዪ ነው?» አሉ ወይዘሮ መሪማ።

«አይደለም። ሰው በአጥር አይገደልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ አምኜዎታለሁ።» ሱሪያ መሳቢያውን ወደ ፊት ገፋች። «መምህሩ ለእሳት እራት ፍለጋ ፋኖስና ነጭ አንሶላ ይዘው ከከተማ ውጭ ይወጡ ነበር። ኅዳር 6 ማታ የነበሩት ፔካ 12 አጠገብ ነው። የዚያ ዕለት ገጽ ከደብተራቸው ተቀድዷል። ወለላ ካሣን ልትጠራ ስትሮጥ ክፍሉ ውስጥ ከአስከሬኑ ጋር ብቻዋን የቀረችው አንዲት ሴት ናት። የቀደደችው ሴት ግን መምህሩ የሚሰበስቡት እያንዳንዱ ነፍሳት የራሱ ጽሑፍ እንዳለው አላወቀችም።»

በመርፌ ጫፍ አንዷን ወረቀት አመለከተች፤ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ አነበበችው።

«‹ፔካ 12። ኅዳር 6። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። በሙሰዲቅ መኪና ግራ መብራት።›»

ባሕሩ በኩል አንድ መርከብ ጮኸ። ወለላ ቀስ ብላ ተነሥታ ቆመች።

«ሽማግሌው የተገጩት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አለች ሱሪያ። «ሙሰዲቅ ጥቂት ነድቶ ሲቆም መምህሩ አንሶላቸውን ዘርግተው እዚያ ነበሩ። አንዲት የእሳት እራት መብራቱ ላይ መጣች፤ ያዟት። እንደ ልማዳቸው የሳባትን ብርሃን ጻፉ። ጠንቃቃ ሰው ነበሩና ‹መብራት› ብለው አላለፉም፤ ‹ግራ መብራት› አሉ። ለምን? የቀኙ አይበራም ነበር። ዛሬ ያ መኪና ላይ ያለው የቀኝ መብራት አዲስ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ሙሰዲቅ። «ሽማግሌው ድንገት ከጨለማ ወጡብኝ። ቆሜ መመለስ ነበረብኝ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። መምህሩን ‹ሞተሩ ግሎ ነው› አልኳቸው።»

ወለላ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደችና ቆመች።

«በማግስቱ መምህሩ ድሬዳዋ ሄዱ» አለች ሱሪያ። «ሰኞ ወለላ ስትነግራቸው ቀኑንና ሰዓቱን ጠየቁ፤ ደብተራቸውን ገለጡ። ከዚያ ሙሰዲቅን ሳያነጋግሩት አልቀሩም። ይህንን የምገምተው ከፊቱ ነው፤ የቀረውን ግን የሰማ ሌላ ሰው አለ። የመምህሩ መስኮት ከወይዘሮ መሪማ በረንዳ ሥር ነው።»

ወይዘሮ መሪማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሲናገሩ ለሱሪያ ሳይሆን ለመሬቱ ነበር።

«‹በደብተሬ ተጽፏል› ሲሉት ሰማሁ። ‹እስከ ዓርብ ነው፣ ከዚያ በላይ አልችልም› ሲሉት ሰማሁ። ልጄ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም፤ መስኮቱን ዘጋሁት።»

ሙሰዲቅ ከወንበሩ ኋላ ወጥቶ ከፊታቸው በርከክ አለ።

«እማ፣ ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልሰማሽም።»

«ምን አልክ?»

«እሺ አልኳቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አብረን ፖሊስ ጋ ልንሄድ ተስማማን። ‹ብቻህን አትገባም፣ አጠገብህ እቀመጣለሁ› አሉኝ። ዛሬ ነበር፣ እማ። በዚህ ሰዓት ነበር።»

ወይዘሮ መሪማ ልጃቸውን አዩት። እጃቸው ወደ ፊቱ ተነሣ፤ ሳይደርስ ወረደ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ፈርቼ ነው። ያንቺን ሐዘን።»

«ትናንትስ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» አለች ሱሪያ።

«እሳቸው ከሞቱ በኋላ ብቻዬን መሄድ አቃተኝ።» ዓይኑን ጠርጎ ተነሣ። ወደ ወለላ ዞረ፤ ሊያያት ግን አልቻለም። «ይቅርታ አልጠይቅሽም» አላት። «ወንድምሽ ሲወጣ እሱን እጠይቃለሁ።»

ሱሪያ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ አንገቷን ነቀነቀች። ወይዘሮ መሪማ ሻሻቸውን አስተካከሉና ማንም ሳይደግፋቸው ተነሡ። ሙሰዲቅ ተከተላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅየው መንገዱን ለቀቀላቸው፤ እናቱ ግን ቆመው እሱ እንዲቀድም ጠበቁት፤ በመጨረሻ ጎን ለጎን ወጡ።

ጌቾ የተፈታው እሑድ ጠዋት ነው። ወለላ ከንጋቱ ጀምሮ ከበሩ ማዶ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀችው። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ጫማውን ያለ ማሰሪያ አጥልቆ ወጣ። ብዙ ተቃቀፉ። ከዚያ ወደ ሚኒባሱ ሲራመዱ ወንድሟ ቆም አለ።

«መርማሪዋ ‹አንተን ያወጣህ አንድ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ነው› አለችኝ» አለ። «የጻፉትም የምትሠሪበት ቤት ያሉት መምህር ናቸው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አሁኑኑ ወስደሽ አገናኚኝ። እግራቸው ላይ ልውደቅ። ከዚያ ቤት እገባለሁ።»

ወለላ ክንዱን ያዘችው። የመምህሩ እህት ማታ ከድሬዳዋ በባቡር እንደምትገባ፣ መቃብሩም ትናንት እንደተቆፈረ ታውቃለች።

«ነገ ነው» አለችው። «ነገ አብረን እንቀብራቸዋለን።»